«ዘሩ ንጹሕ ነው» ያሉት ሽማግሌ

ትናንት ልጄ ስልኳን ይዛ ሳሎን ገባች። «አባዬ፣ ክሊኒኩ ፎርም ልኮልኛል። ፋሚሊ ሂስትሪ ይላል፤ ከቤተሰባችን ራሱን ያጠፋ ሰው አለ?» እንቅልፍ ካጣች ወር አልፏታል፤ ሐኪም ጋ ልትሄድ ነው። ወጥቼ በረንዳው ላይ መንጎራደድ ጀመርኩ።

እግሬ እንዲህ አላርፍ ብሎኝ የሚያውቀው አንድ ቀን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የምኖረው ካሳራኒ የሚባል ሰፈር። ሂሩትን ላገባ ብዬ አጎቴን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላቪንግተን ሰፈር፣ አባቷ ዘንድ ላክሁ። ወጉ ነውና እኔ መንገድ ዳር ቀረሁ። ዝናቡ ያካፋል። ሎሚና በርበሬ የታሸበት ጥብስ በቆሎ ገዝቼ፣ ሳልቀምሰው እጄ ላይ በረደ።

አጎቴ ፈገግ ብሎ ወጣ። «ዘሩን ጠየቁ። ንጹሕ ነው፣ አባቱም በልብ ድካም ነው የሞተው አልን።»

አባቴ የሞተው በገዛ እጁ ነው። የእሱም አባት እንዲሁ። ቤታችን ነውር ነው ብሎ ደብቆት ኖረ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ነውሩ አልነበረም፤ ያው ሐሳብ አንዳንድ ቀን ወደ እኔም ይመጣ ነበር፤ እፈራ ነበር።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ካሳራኒ ሳልደርስ ወረድኩና ተመለስኩ። በወጉ፣ መልስ ሳይሰጠው ጠያቂ የልጅቷን ደጅ አይረግጥም። እኔ ረገጥኩ። በር ላይ እንደቆምኩ ለአባቷ ለጋሽ ጌታቸው ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

አስገብተው አስቀመጡኝ። «እኔ ስኳር ከአባቴ ወርሻለሁ» አሉ። «ወረስኩ ብዬ ግን ሞቴን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፤ እታከማለሁ። ሐሳቡ አንተም ጋ ይመጣል?»

«ይመጣል፣ ጋሼ።» ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲያው ነገ ጧት ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። የጋብቻውን መልስ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ።»

ሂሩት ከውስጥ ሰምታ ኖሯል። ሻይ ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ታከምኩ፤ አገባኋት። ሐኪሙ ያኔ፣ ከቤተሰብ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ ሞቱ አይደለም ብሎኝ ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ ልጄ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ ምን ስላት ኖርኩ? «በልብ ድካም።» አጎቴን ስወቅስ የኖርኩት ሰውዬ!

ከበረንዳው ተመለስኩ። «አለ በይ» አልኳት። «አያትሽ። ቅድመ አያትሽም። እኔም ታክሜ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ስልኳን አስቀመጠች። «አባዬ… ያ ሐሳብ እኔም ላይ አንዳንዴ ይመጣል።»

የመኪናውን ቁልፍ አነሣሁ። «ተነሺ ልጄ፣ አብረን እንሄዳለን።»