መጀመሪያ ያልመረጡኝ ጋ

አጎቴ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ለክልል ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተወዳድረው ሁለቱን አሸነፉ፣ የመጨረሻውን ተሸነፉ። ባሸነፉ ማግስት ደጋፊዎቻቸው ዘንድ አይሄዱም ነበር። «መጀመሪያ ያልመረጡኝ ጋ፤ የመረጡኝማ አይቀየሙኝም» ብለው መርሳን ይዞራሉ። ተሸንፈውም ይህን ልማድ አልተዉም።

ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ መርሳ ሲቃረብ ላወጣቸው በመኪና ደረስሁ። ሌሎች ዘመዶች ተሳፍረው የቀረው አንድ ወንበር ነበር። በሩን ስከፍት፣ አጎቴ በየምርጫው ሲቃወማቸው የኖረውን፣ በክራንች የሚሄደውን ጎረቤታቸውን ደግፈው መጡ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ድምፄን አያገኟትም!» አለ ጎረቤትየው።

«መቼ ለመንሁህ? ይልቅ ግባ!»

«እርስዎስ?» አልኋቸው።

«ያልመረጠኝ ይቅደም። አንተማ ትመለስልኛለህ።»

ሞተሩን አስነሥቼ ወደ ውርጌሳ ነዳሁ። ልመለስ ስል መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ብመለስ ተቀብረው አገኘኋቸው። አሟሟታቸውን ያየ ሰው ስላላገኘሁ አልጽፈውም።

ለቅሶው ላይ ጎረቤትየው የእሳቸውን ወንበር ባዶ ትቶ መሬት ተቀምጧል። «አንድም ቀን አልመረጥኋቸው!» እያለ ሲያለቅስ ሰው ሁሉ ያጽናናዋል።

እኔ ሦስቱንም ጊዜ መርጫቸዋለሁ። ትቻቸው የሄድሁትም እኔ ነኝ።