የፈሪዋ ኮምፒውተር

«ቀስ በይ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት በከንቱ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ሲያማት፣ ክብሪት ስትጭር ፊቷን ታዞራለች፣ ሊፍት ከመግባቷ በፊት ለእናቷ ደውላ ትሰናበታለች ይላል። ሐሜት ነው እንዳይባል እናቷም አይክዱም።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ በዕድሜዋ አንዴ ደፍራ ከፎቶ ቤት ሥራዋ የወጣችው። ባለቤቱ ሲሸኛት «ሂጂ፣ ሂጂ! ወሩ ሳይሞላ እዚሁ ወንበር ላይ አገኝሻለሁ» ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ቤቷ ሆና የሠርግ ቪዲዮ ልታቀናብር ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ለቅማ ገዛች፤ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታም በገዛ እጇ ገጣጠመችው። የበራ ዕለት አለቀሰች። ከደስታ ነው ያሉ አሉ፤ እናቷ ግን «ኤሌክትሪክ የያዛት መስሏት ነው» ይላሉ።

የመጀመሪያው የሠርግ ቪዲዮ ሥራ መጣላት። ሙሽሮቹ ቅዳሜ ዘመድ ሰብስበው ቪዲዮውን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል። ሐሙስ ጠዋት ከቪዲዮው ቆርጣ የቀጠለችውን ሁሉ አንድ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣ ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ማራገቢያው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ ጮኸ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ስምንት... ቪዲዮው ላይ የሙሽራዋ አባት «ልጆቼ» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ድርግም!

ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«እማ! ጠፋ!»

«ተመስገን፣ ጩኸቱ ጆሮዬን በላው» አሉ እናቷ ከጓዳ።

የጎን ክዳኑን ፈታች። አቧራ እንኳ አልያዘም። የክፍሉን ማራገቢያ አስጠግታ፣ እናቷ በካርቶን እያራገቡላት እንደገና ሞከረች። አባትየው «ልጆቼ» አሉ፤ ድርግም! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ይኸው መጣ ብላ ተቀመጠች። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ከተቃጠለ ሌላ መግዣ የላትም። የፎቶ ቤቱ ወንበር ባዶውን ቆሞ ሲጠብቃት ታያት፤ የባለቤቱ ሳቅም ተሰማት።

ዕቃውን ለሸጠላት ሰው ደወለች።

«እህቴ፣ ማቀዝቀዣውን፣ ያን ማራገቢያ ያለውን ብረት፣ ስትገጥሚ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጥብቀሻል?»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«ሃሎ?»

«እንዳትሰነጠቅ ብዬ... ትንሽ ተውኩላት።»

«ለማን?»

«ለፕሮሰሰሯ።»

ሰውየው ሳቁን እንደ ሳል አስመሰለው። «እህቴ፣ ማቀዝቀዣው ካልነካት በምን ያቀዝቅዛት? ጃንጥላ እኮ ነው የዘረጋሽላት! ከሶኬት ንቀይው፣ ማቀዝቀዣውን አንሺ፣ ቅባቱን ጠርገሽ አዲስ ቀቢ። ከዚያ ብሎኖቹን በየተራ፣ ማዶ ለማዶ፣ አንሄድም እስኪሉ አጥብቂ።»

«ቢሰበርስ?»

«ደውይልኝ፣ አብረን እናለቅሳለን።»

ማቀዝቀዣውን አነሳችው። ሙቀት የሚያሻግረው ግራጫ ቅባት እንደ ቁልል ተቀምጧል፤ ጫፉ ብቻ ነው የተነካው። ጠርጋ፣ ከተረፋት ቅባት ጠብ አድርጋ፣ መልሳ ገጠመች። እናቷ ባትሪ ያበራሉ፤ ብርሃኑ ግን አንዴ ብሎኑ ላይ፣ አንዴ ጣሪያው ላይ ነው።

«እማ፣ እጅሽን አታንቀጥቅጪው!»

«አንቺ ነሽ ያንቀጠቀጥሽኝ!»

የመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ፕሮሰሰሩ የተቀመጠበት ሰሌዳ «ጢጥ» አለ። መፍቻውን እንደ እባብ ወረወረችው። እዚህ ላይ ብትተወው ማንም አያውቅባትም፤ ኮምፒውተሩ ግን ያውቃል። አልተወችውም፤ ደፋር ሆና ግን አይደለም፣ እንዲያ የሚል ካለ ይዋሻል፤ ከስንጥቁ ይልቅ የፎቶ ቤቱ ወንበር ስላስፈራት ነው። መፍቻውን አንስታ፣ ዓይኗን ጨፍና ገፋችበት። ጢጥ... ጢጥ... ከዚያ ብሎኑ አልሄድም አለ።

ማብሪያውን ተጫነች። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቆይቶ፣ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ተንጠራርቶ በራ።

ሥራውን ሰጠችው። ስልሳ። ስልሳ ስምንት። ሰባ አንድ... ሰባ አንድ ላይ ቆመ። የሙሽራዋ አባት «ልጆቼ» አሉ፣ ቀጠሉ፣ መረቁ፣ ደግሞም አላቆም አሉ። ቀስ በይ ፋይሉ ተጠናቆ እስኪወጣ ከወንበሯ ጫፍ አልተነሳችም።

«አለቀ?» አሉ እናቷ።

«አለቀ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

ልጅቷ ስክሪኑን እያየች ጥፍሯን ነከሰች።

«እማ... ሙሽሮቹ ባይወዱትስ?»