አቧራውን ጠብቂ

ሠራተኛው ብሎኑን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለት ክንፍ አለው፤ ሲጨምቁት ይታጠፋል፣ በቀዳዳው ከገባ በኋላ ውስጥ ሆኖ ይዘረጋል። «የጣሪያው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ብሎን አይዝም፣ እናት» አለኝ። ልጄን ሚኒባስ ከገጨው ወዲህ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎታል። ብሎኑ ጣሪያው ላይ የሚይዘው መንጠቆ፣ ልጄ ገመድ ይዞ ራሱን ከአልጋው ቀና እንዲያደርግበት ነው። እኔ ግን ብሎኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። አባቴ ይህንኑ ነገር ከወይራ እንጨት ሠርቶት ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚሁ ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ በጭቃ ቤት ነው ያደግነው። አባባ አናጢ ነበር። ማታ ሲገባ ሰጋቱራውን ከጸጉሩ ላይ እየለቀምኩ አሸተው ነበር፤ የጽድ ሽታ እስከ ዛሬ እሱን ነው የሚያመጣብኝ። አንድ ቀን የጣውላ ክምር ወገቡ ላይ ወደቀበትና ተኛ። እማዬ ስታነሳው ስታገላብጠው የእሷም ወገብ ሊቆረጥ ደረሰ። ኮርኒሱን ሲያይ ሲያይ ሰነበተና «እስቲ ቢላዋ አምጡልኝ» አለ።

የእኛ ኮርኒስ የተወጠረ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፣ ኖራ የተቀባ። ጠንካራው እንጨት ከአልጋው ወዲያና ወዲህ እንጂ ልክ ከላዩ የለም። አባባ ክንድ የሚያህል ወይራ ጠርቦ መሃሉን በወፍራም ሽቦ አሰረ። ወይራው ከረጢቱ ላይ በተቀደደ ጠባብ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ በሁለቱ እንጨቶች ላይ ይጋደማል፤ ወደ ታች የሚወርደው የሽቦው ጫፍ ታጥፎ መንጠቆ ይሆናል። በቀዳዳው የሚገባው እጅ የእኔ ብቻ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ፣ እማዬ እግሬን ያዘች፣ አፈሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«አጋድሚው! አጋድሚው እንጂ አንቺ ልጅ!» ይላል አባባ ከአልጋው።

«ቀስ በል፣ ታስደነግጣታለህ» ትላለች እማዬ።

«አንቺ ደግሞ እግሯን አጥብቀሽ ያዥ፤ ለዚህ ቤት አንድ በሽተኛ ይበቃል።»

«ምናለ ጣውላው አፍህንም ባገኘው!» አለችውና ሦስታችንም ሳቅን።

«ያልተሞከረ መንጠቆ ሰው ይጥላል» ብሎ መጀመሪያ እኔ እንድንጠለጠልበት አደረገ። ተወዛወዝኩ። ከዚያ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ያለ እማዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። ሊነሳ ሲል «እኔን አትይኝ፣ ኮርኒሱን ጠብቂ። አቧራ ከወረደ ሊለቅ ነውና ጩኺ» ይለኛል። ለዚህ ሥራ ስል ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ነበር የምመጣው። ጥቅምትና ኅዳር እንዲህ አለፉ። ክሳቱን ሳላይ የቀረሁት ለዚህ ይሆናል።

አንድ ጠዋት ገመዱን ያዘ። እኔም አንጋጥጬ ቆምኩ። ገመዱ ተወጠረ፤ አንዲት አቧራ አልወረደችም። «አባባ፣ ምንም የለም!» አልኩት። «ጠንካራ ነው አባባ፣ ሳብ!» ገመዱ ረገበ። አትይኝ ብሎኛልና አሁንም ኮርኒሱን ነበር የማየው። ዞር ያልኩት እማዬ ስትጮህ ነው። ነፍሱ ስትወጣ ፊቱን አላየሁትም። ብዙም ሳልቆይ ትምህርቱን ተውኩ፤ ቤቱም ከእነ ወይራው ፈረሰ።

ያኔ ቀኑን ሙሉ የፈጀብንን ሥራ ሠራተኛው በማሽን ወዲያው ጨረሰው። ያልተሞከረ ሰው ይጥላል በሚለው የአባባ ቃል አስገድጄው ራሱ ተንጠልጥሎ ሞከረው። «እናት፣ ልጁ ሲስብ ከላይ ይዩልኝ፣ ፍርፋሪ ከወረደ ይንገሩኝ» ሲለኝ ግን ወደ ልጄ ፊት ዞርኩ።

«አንተው እየው የኔ ልጅ። እኔ አልችልም» አልኩት ሠራተኛውን።

ልጄ ገመዱን ያዘ። «እማ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ? መንጠቆውን እዪ እንጂ» አለኝ።

«ሳብ» አልኩት።

ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነና እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤ መልሶ ገለጠው። ከላይ ምን እንደወረደ አላውቅም። ቀና አላልኩም።