«የት?» ብሎ የመለሰልኝ ጥያቄ

ጋሼ ሙሉጌታ አረፈ ይሉኛል። ጠዋት ለሥራ ሲነሳ፣ የጫማውን ክር እያሰረ ወደቀ አሉ።

አይሆንም። ትናንት አስር ሰዓት ላይ በስልክ ተጣልተናል። ትናንት የተጣሉት ሰው ዛሬ እንዴት ይሞታል?

ለማታውቁት፦ ደብረ ብርሃን ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። ሩቅ አገር ያለ የአንድ መድን ድርጅት ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ ሜይንፍሬም ይሉታል። ፕሮግራሞቹን የምንጠብቀው እኛ ነን። አንድ ፕሮግራም በተለወጠ ቁጥር መረጃው ከተከማቸበት ዳታቤዝ ጋር እንደገና መታሰር አለበት። ካልታሰረ ዳታቤዙ አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል።

ይህን ሌላው ሰው በእንግሊዝኛ «ባይንድ» ይላል። ጋሼ «ማሰር» ነው የሚለው። ማንም በእጁ እንዳያስር ከልክሎ፣ ሁሉም በለውጥ መቆጣጠሪያው ሲስተም በኩል፣ በእሱ ዓይን ሥር እንዲያልፍ አደረገ። አቤት፣ እንዴት እንደሚያናድድ! የሁለት ደቂቃ ሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። የለውጥ መጠየቂያ ፎርሙን ሞልቼ ስልክለት ቀና ሳይል፣

«አሰርሽው ወይስ አስቀመጥሽው?»

በትክክለኛው ቦታው ያልታሰረ፣ ለእሱ እንዲሁ የተቀመጠ ነው። በየቀኑ። ስድስት ዓመት ሙሉ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ «እርስዎ» ስለው «ስንት ሆኜ ታየሁሽ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው፣ ለአንዲት ፎርም ግን ከዳኛ ይብሳል።

አንድ ቅዳሜ እናቱን ልንጠይቅ በሚኒባስ ጎረቤላ ስንሄድ ቢሮ የቀረው ባልደረባችን ደወለ። ጋሼ ስልክ ሲያነጋግር ይጮሃል።

«ሁለቱን እንደገና እሰራቸው! አሮጊቷን ፍታት!»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣

«ጌታዬ፣ ምን አጥፍተው ነው?» አሉት።

«ተለውጠው፣ እማማ። ሳይነግሩን ተለውጠው።»

«እኔን! እግዜር ይፍታቸው።»

እኔ በሃፍረት፣ «እማማ፣ ፕሮግራም ናቸው» አልኳቸው።

«የሬዲዮ?»

ጋሼ እስከ ጎረቤላ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ።

ትናንት ቢሮ አልመጣም፤ ከቤቱ ሆኖ ፎርሜን ሦስት ጊዜ መለሰው። ሦስቱንም ጊዜ የጻፈልኝ አንድ ቃል ነው፦ «የት?»

ደወልኩ። «ጋሼ፣ ታስሯል አልኩህ!»

«የት?»

«ሲስተሙ ላይ ነዋ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የጠየቅኩሽ የት ነው ብዬ ነው።»

ዘጋሁበት። ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም። ዛሬ ጠዋት ልናገረው ያሰብኩትን ሁሉ ማታ እያዘጋጀሁ ነበር። ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር።

ዛሬ መርዶው ከመጣ በኋላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ፎርሙን ከፈትኩት። ስህተቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚታሰርበት ዳታቤዝ ስም። እኔ የጻፍኩት የመሞከሪያውን ነው። ሰው የሚገለገልበትን፣ እውነተኛውን ሳይሆን የመሞከሪያውን። እንደዚያው ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ የመድን ድርጅቱ ሰዎች ሲከፍቱት ፕሮግራሙ በተመለሰባቸው ነበር።

«የት?»

እሺ፣ ልክ ነበርክ! ግን «ስሙን አስተካክይ» ማለት ምን ያቅትሃል፣ ጋሼ? ሁለት ቃል ነው። ለምን ራሴ እስካገኘው ትጠብቃለህ? ዛሬ አገኘሁት። ለማን ልንገረው?

አስተካክዬ ላክሁት። አንተ ስለሌለህ ወደ አለቃችን ሄደ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ሳያነብ አጸደቀው። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ሁሉም «የት ነው?» ይላል። ቀብሩን ነው የሚጠይቁት። ነገ ስድስት ሰዓት፣ ጎረቤላ ነው።

ጋሼዬ፣ ለአንተም ልመልስልህ፤ ትናንት የዘጋሁብህን። እውነተኛው ላይ ነው። እዚያ አሰርኩት። አላስቀመጥኩትም፤ አሰርኩት።

አንተን ግን፣ እኚያ እናት እንዳሉት፣ እግዜር ይፍታህ።