የታችኛው ሰፈር አንዷ ጃንጥላ

ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ወንዙ ያልከፈለውን ደግሞ ምርጫ ይከፍለዋል። ዳገቱ ላይ ያሉት ሁልጊዜ የጃንጥላ ፓርቲን ይመርጣሉ፤ ረባዳው ላይ ያሉት ጀልባን። ለምን ቢሏቸው አባቶቻቸው ስለመረጡ ነው። የጀልባ ፓርቲ በየምርጫው ለታችኛው ሰፈር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቃል ይገባል፤ ጎርፉም ዝናብ በጠና ቁጥር ይመጣል። እስካሁን ቀጠሮ አክባሪው ጎርፉ ብቻ ነው። ሰፈሩ ታዲያ የራሰ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ተመልሶ ጀልባን ይመርጣል። ቤቱ ውሃ ለሚገባበት ሰው ከጀልባ የተሻለ ምን አለ?

ልብስ ሰፊዋ የተወለደችው ከላይ፣ ያገባችው ከታች ነው። ድልድዩን ለመሻገር ትንፋሽ አይፈጅም፤ እሷ ግን ይኸው ልጆቿ ለአቅመ ምርጫ ደርሰው እንኳ ተሻግራ አልጨረሰችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየምርጫው ማግስት ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ከዚያ ሁሉ ጀልባ መሀል አንዲት ጃንጥላ አለች። ሁለት ሆና አታውቅም፣ ቀርታም አታውቅም። ድምፅ አሰጣጡ ምስጢር ስለሆነ ማን እንደሰጣት መላው ሰፈር ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል?

እሷ ግን የምትመርጠው ጀልባን ነበር። አምናበት አይደለም፤ ባሏ «አደራሽን፣ እንዳታዋርጂኝ» ስለሚላት ነው። ጃንጥላዋን መርጣ ብትታማ ኖሮ እንኳ ባልከፋት። ባልበላችው ዕዳ መከሰሷ ነው የሚያንገበግባት።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የጀልባ ፓርቲ የሰፈሩ ተጠሪ ነው። በድልድዩ ሥር የተደረደሩትን ክፍሎች የሚያድለውም የሚነጥቀውም እሱ ነው። የስፌት መኪናዋ የቆመችው ከእነዚያ ባንዱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ምርጫው ሲቃረብ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ።

«ስሚ፣ ያቺ ጃንጥላ ዘንድሮም ብቅ ካለች ይህን ክፍል ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። አንቺ አይደለሽም፣ እጅሽ ነው።»

«እናቴ ትሙት!»

«እናትሽ ከላይ ናት፤ በሷ አትማዪ።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «ሱሪውን ምን ያህል ላሳጥረው?»

«ጭቃ እንዳይነካው አድርጊ።»

«እንግዲያው እስከ ጉልበት ነዋ!»

እሱ ከሄደ በኋላ ጎረቤቷ ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ እንደያዘ ብቅ አለ። በመሀላቸው ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ ሳይጋበዝ ሁሉንም ይሰማል።

«መላ ልንገርሽ? ጭራሽ አትምረጪ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጣትሽን ታሳያቸዋለሽ።»

እውነቱን ነው። በዚህ ከተማ የመረጠ ሰው አውራ ጣቱ ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙን ሳሙናም በረኪናም አያስለቅቀውም። ፓርቲዎቹ ከሚሰጡት ነገር ሁሉ የሚበረክተው እሱ ብቻ ነው።

የምርጫው ቀን ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን በሩ ላይ አውጥታ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ የሰው አንሶላ ስትቀመቅም ዋለች። ባሏ እናቱን ደግፎ ሲያስገባና ሲያስወጣ አየች። አማቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም አንድም ምርጫ አምልጧቸው አያውቅም። ዋርሳዋ ይህን ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ «እናቴን እዩ፣ ታማኝነት ማለት ይህ ነው» ይላል።

በማግስቱ ውጤቱ ተለጠፈ። ጀልባ እንደ ልማዱ፤ ጃንጥላም እንደ ልማዷ፣ አንድ።

ዋርሳዋ ወሬ ፈላጊውን ሁሉ አስከትሎ መጣ።

«ቁልፉን አምጪ።»

እሷ መኪናዋን አቆመችና እንደ ተማረከ ሰው ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። አውራ ጣቶቿ ላይ ከመርፌ ጠባሳ በቀር ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ምናልባት በእግሯ መርጣ እንዳይሆን ጫማዋን አስወልቃት» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

ሕዝቡ የራሱን ጣት አየ። የሁሉም ጥቁር ነው። ድንገት ብርድ የገባ ይመስል እጆች ሁሉ ኪስ ገቡ። ዋርሳዋ አንድ ባንድ ተመለከታቸውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የቆጠራ ስህተት ነው» ብሎ ፈረደ።

ማታ ልብስ ሰፊዋ አማቷን እጅ ታስታጥባለች።

«እማማ፣ ጋሼ የቆጠራ ስህተት ነው አሉ።»

«የምን ስህተት?» አሮጊቷ ተቆጡ። «ዓይኔ ቢደክምም ጃንጥላና ጀልባ አይምታታብኝም!»

ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ቀረ።

«ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ሲያሙኝ ዝም አሉ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? አንቺ ቻይ ነሽ።»

«ለመሆኑ ጃንጥላን ምኗን ወደዱላት?»

«ማን ወደዳት! እነዚያም ሌባ፣ እነዚህም ሌባ። ግን ከተዳርኩ ጀምሮ ብቻዬን የገባሁበት ቦታ ከዚያ ከምርጫው መጋረጃ ኋላ ብቻ ነው። ያኔ የልጆቼ አባት ‹ጀልባ› ብሎኝ በር ድረስ አደረሰኝ። ገባሁ፤ ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ማንም በሌለበትም ልታዘዝ እንዴ?» እጃቸውን አራገፉ። «መጋረጃውንስ አንቺ አይደለሽ የሰፋሽው? እጅሽ ይባረክ፣ ወፍራም ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ልትናደድ ፈለገች፤ ንዴቱ ሲመጣ ሳቅ መንገድ ላይ ቀደመው። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች።

እስከ ቀጣዩ ምርጫ ግንቡ አልተሠራም፤ ጎርፉም አላሳፈራቸውም። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን መኪናዋን ሸፍና፣ አማቷን ራሷ ደግፋ ሄደች። በየተራ ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። በማግስቱ ወረቀቱ ተለጠፈ፦ ጃንጥላ፣ ሁለት።

ዋርሳዋ ደጋግሞ አነበበና ወደ እሷ ዞረ። አውራ ጣቷ ጥቁር ነው፤ እንደ ሰፈሩ ሁሉ።

«መቼም የቆጠራ ስህተት ይሆናል፣ ጋሼ» አለችው።

«አቤት ስህተቱ ሲዋለድ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

ዋርሳዋ አፉን ከፈተ። ግን ባለፈው ስህተት ነው ብሎ በሰው ሁሉ ፊት የፈረደው ራሱ ነው።

«ስህተት ነው» አለ በመጨረሻ።

የጀልባ ፓርቲ ሰው በቃሉ ሲጸና የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋም ወደ ክፍሏ ተመልሳ ክሯን በመርፌ ቀዳዳ አሾለከች።