በፈረስ እርምጃ የሚሄድ ሞተር

አባቴ ፈረስ እንዳይጋልቡ በተከለከሉ ጊዜ እኔ ዳንግላ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያመማቸው ዳሌያቸው ነው። ሐኪሙ ማስረዳት የሚወድ ሰው ስለነበር ወዲያው ወደድኩት። “ለመውጣት ድንጋይ ላይ ይቆማሉ፤ ለመውረድ ሰው ይደግፍዎታል። እሱ ችግር የለውም። ችግሩ መሀሉ ነው” አላቸው። መሀሉ ማለት ሶምሶማው ነው። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ኮርቻው ከታች ይመታል፤ ምቱም ሄዶ የታመመው ዳሌ ላይ ያርፋል።

ነገሩ የከበደን ጥር ሲቃረብ ነው። በጥር የየአካባቢው ፈረሰኛ ለፈረሰኞች በዓል ተሰልፎ ወደ ኢንጅባራ ይወጣል፤ አባቴ ደግሞ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከእኛ አካባቢ ሰልፍ የፊተኛ ረድፍ ጠፍተው አያውቁም። በዕድሜ ከእሳቸው የሚያንሰው የፈረሰኞቻችን አለቃ ሊያጽናናቸው ቤት ድረስ መጣ።

“አይዘኑ። ፈረሱን ሸልመን፣ ኮርቻውን ጭነን፣ ባዶውን ከፊት እናስኬደዋለን። ቦታዎ አይነካም” አላቸው።

አባቴ፣ “ባዶ ኮርቻ የሚወጣው ለማን ነው?” ብለው ጠየቁት።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተሸለመ ፈረስ ሰው ሳይቀመጥበት አደባባይ የሚወጣው ለባለቤቱ ለቅሶ ነው።

“እኔ በቁሜ እያለሁ በፈረሴ አታልቅሱብኝ” አሉ አባቴ። “ወይ ከጎኑ እሄዳለሁ፣ ወይ እሱም እንደኔ ቤቱን ይጠብቃል።”

ታላቅ እህቴ፣ “ፈረሱ ላይ እኔ እቀመጣለሁ” አለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ፈረሰኛ መሆኗን አገር ያውቃል። የቀረው አባቴ ከጎኑ የሚሄዱበት ነገር ነው። በእግር አይችሉም፤ መኪና ደግሞ በፈረሶች መሀል አይገባም።

“በሞተር ይሂዱ” አልኩ።

“በየትኛው ሞተር?” አለች እህቴ። “በዚያች በአንተ? ትናንት ስትመጣ ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ቆርቆሮ የሚጎትት ሰው መስሎኝ ነበር። አባባን በእሷ ከምትወስዳቸው በጋሪ ጭነህ ብትገለብጣቸው ይሻላል።”

አልተሳሳተችም። የእኔ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ናት። አንዷ ፒስተን ስትወርድ ሞተሯም ነጂውም አብረው ይወርዳሉ። ነገር ግን ባሕር ዳር የሚሠሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ትልልቅ ሞተሮች አሏቸው። የአንደኛው ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ ተከፈቱ ሁለት ጣቶች በቪ ቅርጽ የቆሙለት ነው፤ የሌላኛው አራት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩለት። ለከተማ መንገድ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ሁለቱ ሳይጨቃጨቁ በልተው የተነሡበትን ቀን አላስታውስም። ደወልኩላቸው። ጉዳዩን ተናግሬ ሳልጨርስ ሁለቱም “መቼ እንምጣ?” አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንን ጥያቄ ሳስታውስ ደረቴ ይሞቃል።

ከመምጣታቸው በፊት ለአባቴ ልዩነቱን ማስረዳት ነበረብኝ። እንዲህ ነው የነገርኳቸው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያስቡ። ተራ በተራ ነው የሚመቱት፤ ነገር ግን በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ እኩል አይደለም። ዱም ዱም፣ ትንሽ ፋታ፣ እንደገና ዱም ዱም። የቪው ሞተር እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ፒስተኖች አንድ ዘንግ ላይ አንድ ቦታ ይጋራሉ። ዘነዘናው ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎም ቢመታ እህሉን ያደቅቃል፤ ማለትም ሞተሩ ሳይሮጥም ጉልበት አለው። አራቱ በመስመር ግን አራት ሴቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ሙቀጫ፣ ቀለል ያለ ዘነዘና። ሁለቱ ሲያነሡ ሁለቱ ይጥላሉ፣ ምታቸውም እኩል በእኩል ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ንቅናቄ ያጠፋዋል፤ ሞተሩ ለስላሳ ይሆናል። ጉልበቱ የሚመጣው ግን ፈጥነው ሲወቅጡ ነው።

አባቴ አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ። “እንግዲያ አራቱ ሳይንጥ የሚሄድ ሰጋር በቅሎ ነው፤ ቪው ሶምሶማ ረጋጭ ፈረስ” አሉ።

“ልክ ነው።”

“እኔን የከለከሉኝ ደግሞ ሶምሶማ ነው።”

ጉዳዩ ያለቀ መሰለን። አራቱ ይሻላል ተባለ።

ጓደኞቼን ዳንግላ ላይ ተቀበልኳቸውና እስከ አዲስ ቅዳም በአራቱ ሲሊንደር ኋላ ተቀመጥኩ። እውነትም ሰጋር ነበር። አስፋልቱ ላይ ሲለቀው ከስሬ ሞተር ያለ አይመስልም፤ ነፋሱ ብቻ ነው የሚታወቀው። ባለቤቱ ሲፈጥን እጀታው ላይ እንደ ንብ የሚነዝር ቀጭን ነገር እጁን እንደሚያደነዝዘው ነገረኝ፣ ኋላ ለሚቀመጥ ግን አይደርስም። አዲስ ቅዳም ስንገባ ገበያ ነበር። ከሰል የጫኑ አህዮች፣ ባጃጆች፣ በግ የሚጎትቱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። እዚያ መሀል ያ ለስላሳ ሞተር ጠባዩ ተለወጠ። ቀስ ሲል ጉልበት ያጣል፤ ባለቤቱ ፍሪሲዮን ይይዛል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል። የራዲያተሩ ማራገቢያ ተነሥቶ ትኩስ አየር በእግራችን ላይ ለቀቀ።

ከዚያ ወደ ቪው ተዛወርኩ። ምቱ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። ነገር ግን ባለቤቱ ነዳጅ ጨርሶ ሳይነካ፣ ሞተሩ በራሱ በሚዞርበት በትንሹ ፍጥነት፣ እኛ ሚኒሞ በምንለው፣ ከአህዮቹ ኋላ እንደ አንድ ተጨማሪ አህያ ተከተለ። ከገበያው በላይ ያለውንም ዳገት ማርሽ ሳይቀይር ወጣው። “አየህ?” እያለ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ጮኸብኝ። አየሁ። ለአባቴ ዳሌ ግን አሁንም አራቱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስሌቱ ያን ነበር የሚለው።

አለቃው ሞተር በፈረስ መሀል እንዲገባ የፈቀደው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። “ይፈተን። የአባትህን ፈረስ ካላስበረገገ ሌላውንም አያስበረግግም፤ ያን የመሰለ ደንባሪ የለንምና። ከበረገገ ግን መምህርነትህን ይዘህ ወደ ዳንግላ ተመለስ” አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ከአለቃውና ሊያዩ ከመጡ ጎረቤቶች ጋር ከቤታችን በታች ወዳለው ሜዳ ወረድን። እህቴ ፈረሱ ላይ ወጣች። አባቴ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ እኔ ደግፌያቸው፣ ከአራቱ ሲሊንደር ባለቤት ኋላ ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ።

“ወተት ነው!” አሉ በደስታ። “ምንም አይሰማኝም።”

ከፈረሱ ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ፈረስ እንደ መኪና በአንድ ፍጥነት አይሄድም፤ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ያሸታል። ሞተሩም እሱን ለመከተል ነዳጅ ሲሰጠው ይጮኻል፣ ሲቀነስበት ድምፁ ይወድቃል፣ እንደገና ይጮኻል። በሦስተኛው ጩኸት የፈረሱ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተጣበቁ። በአራተኛው ወደ ጎን ዘለለ። እህቴ ዛቡን በሁለት እጇ ስባ፣ “ዝም አሰኘው! ያንን የሚያፏጭ ነገር ዝም አሰኘው!” ብላ ጮኸች።

“በቃ!” አለ አለቃው።

የአራቱ ባለቤት ፊቱ ቀላ። “ጥፋቱ የፈረሱ ነው” አለ።

“ፈረሱን ነው እንዴ ከባሕር ዳር ያመጣኸው?” አለችው እህቴ።

አባቴ ወርደው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ማንንም አላዩም። ጥር ሙሉ ቤት ሲውሉ ታየኝ። ያን ጊዜ የቪው ባለቤት ሄልሜቱን አውልቆ፣ “አባባ፣ የኔንም ይሞክሩት። ካሳመመዎት እናቆማለን” አላቸው።

ወጡ። ሞተሩ ዱም ዱም አለና ፋታ ወሰደ። ነዳጅ አልተሰጠውም። ፈረሱ አንድ ጆሮውን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውን አዞረ። ጎን ለጎን ሜዳውን እስከ ዳር ሄደው ተመለሱ፤ ድምፁ ሲሄድም ሲመለስም ያው ነበር። ሲደርሱ ፈረሱ አንገቱን አውርዶ ሣር ሊነጭ ሞከረ።

“ዳሌዎስ?” አልኳቸው፤ ልቤ ከሞተሩ በላይ ይመታል።

“ይመታል” አሉ አባቴ። “ግን የሚመታው ከሩቅ ነው። ከመቀመጫው በታች አንድ ሰው ሌላ ቤት ውስጥ የሚወቅጥ ይመስላል።” ሶፋ የመሰለው ወፍራም መቀመጫና ከሥሩ ያለው ሞላ ምቱን እዚያው ያስቀሩታል። ዳሌ የሚጎዳው ከመንገዱ ወደ ላይ የሚመጣ ምት ነው እንጂ የሞተር ትርታ አለመሆኑን ያን ጊዜ ነው የለየሁት፤ ዘንድሮም ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። ፈረሱም ለምን እንደ ተረጋጋ ለተሰበሰበው ሰው ማስረዳት ጀምሬ ነበር። አባቴ ግን፣ “ፈረስን ድምፅ አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው ድምፅ ሲለዋወጥ ነው” ብለው አሳጠሩልኝ። ከዚያ ጭናቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። “ይሄ ነገር ይሞቃል።”

“የኋለኛው ሲሊንደር ነው አባባ። ነፋስ ስለማይደርሰው ሙቀቱን ወደ እግር ይሰዳል። የቪ ሞተር ዋና ጉድለቱ ነው” አልኳቸው።

“ለማን ነው ጉድለቱ?” አሉ ውርጩን በአገጫቸው እያሳዩኝ። “ጥር ጠዋት እዚህ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው አምጡና ጠይቁት።”

አለቃው ለቪው ፈቀደ፤ የአራቱ ባለቤት እንዳያዝን ለእሱም ሥራ ተገኘለት። በበዓሉ ቀን ከቤት እስከ ፈረሰኞቹ መሰብሰቢያ ያለውን ረጅም አስፋልት አባቴን በወተቱ ሞተር ያደረሳቸው እሱ ነው። ሰልፉ ሊነሣ ሲል ወደ ቪው አዛወርናቸው፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ከጎማው እንዲርቅ ወገባቸው ላይ አሰርኩላቸው።

ኢንጅባራ ስንገባ እኔ በእግሬ ከኋላቸው ነበርኩ። እህቴ በቀኝ በፈረሱ፣ አባቴ በግራ በሞተሩ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ። ለፈረሱ በአዊኛ ይናገራሉ፣ ለጓደኛዬ በአማርኛ።

“ለኔም በአዊኛ ይንገሩኝ አባባ፤ እለምዳለሁ” አላቸው።

“አንተ ጆሮህ ነዳጅህ ላይ ነው። ቀስ በል፤ ፈረሱን ቀደምከው።”

አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ድንገት ክላክስ ሲያሰማ ረድፉ ተረበሸ፤ ሁለት ፈረሶች ተሽከረከሩ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው የፈረሳቸውን አንገት ያዙ። ሞተሩ በዚያው ትርታው ቀጠለ፣ ፈረሱም ከሞተሩ ጎን አልራቀም። ከመንገዱ ዳር የነበሩ ሽማግሌዎች በስማቸው ጠሯቸው፤ አባቴ አለንጋቸውን ከፍ አድርገው መለሱላቸው። ዓይኔን ስጠርግ የአራቱ ባለቤት አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ስለ ሞተር አልተከራከረም።

ሜዳው ላይ ደርሰን ሞተሩ ሲቆም ፈረሰኞቹ እየመጡ እንኳን አደረሰዎ ይሏቸው ጀመር። አንድ ጎረምሳ ከፈረሱ ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“እርካብህን ማን ነው ያሳጠረልህ?” አሉት። “እንደ እንቁራሪት ነው እኮ የተቀመጥከው!”

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ጎረምሳው ወረደ፣ እርካቡን አስረዘመ፣ ተመልሶ ወጣ። “አሁንስ አባባ?”

“አሁን ሰው መሰልክ። ቀጥሎ ማነው?”

ከሩቅ ወደ እሳቸው የሚመጡት ፈረሰኞች፣ ገና ሳይደርሱ፣ ጎንበስ እያሉ እርካባቸውን ሲያዩ ነበር።