ሹፌሩ አባቴ ባቡር ላይ

ሀዋሳ ባቡር የላትም። ባጃጅ አላት፣ ሚኒባስ አላት፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ አላት፤ ባቡር ግን የለም። እኔ ስለ ባቡር ላወራ የተነሣሁት አባቴን ይዤ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ስመላለስ የከተማውን ባቡር ስለለመድኩት ነው። ከቃሊቲ እስከ ልደታ ያለውን መስመር ከሰፈሬ ከባህል አዳራሽ መንገዶች ባልተናነሰ አውቀዋለሁ። የትኛው ጣቢያ ላይ ሰው እንደሚግተለተል፣ የትኛው በር አጠገብ ቢቆሙ አየር እንደሚገኝ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ብረቱን ያልያዘ ሰው የማያውቀው ሰው እቅፍ ውስጥ እንደሚገባ እኔን ጠይቁኝ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ። ጡረታ ሲወጡ እጃቸው መሪ መናፈቁን አልተወም፤ ባጃጅ ገዙ። የእድሜ እኩዮቻቸው ጥላ ሥር ዳማ ሲጫወቱ እሳቸው ባጃጃቸውን ያጥባሉ፣ ይወለውላሉ፣ ካጠቡት በኋላ ደግሞ አቧራ አለው ብለው እንደገና ያጥባሉ። ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። እሁድ ደግሞ ይዘዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ይወርዱና ዓሣ በልተው ይመለሳሉ። እኔ «እርስዎ» የምላቸውን ሰው እሷ «አንተ» እያለች እንደ ልቧ ታዛቸዋለች። እኔን በልጅነቴ በዓይናቸው ብቻ ቀጥ ያደርጉኝ የነበሩት ሰውዬ ለዚህች ልጅ ሲታዘዙ ማየት አንዳንዴ ያናድደኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ደስ ይለኛል።

ነገሩን ያበላሸው ዓይናቸው ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን እየሳቀች መጥታ አባቴ የልብስ ሱቅ በር ላይ የቆመውን አሻንጉሊት ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም ሲሉት እንዳየች ነገረችኝ። ከሷ ጋር ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ሳቁ ጠፋ። አሻንጉሊትና ሰው ያልለዩ ሽማግሌ ነገ ጠዋት ልጄን ጎናቸው አስቀምጠው በገብርኤል አደባባይ በኩል ሊያልፉ ነው።

«ከእንግዲህ አይንዱ» ብሎ መናገር ቀላል የሚመስለው አባቴን የማያውቅ ሰው ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ሙሉ ልጅ ስቆጣ እውላለሁ። አባቴ ፊት ስቆም ግን አፌ ይተሳሰራል። ልጄን በሌላ ባጃጅ ልላክ ብል ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ ምክንያቱን ደግሞ አፍ አውጥቼ ልናገረው ነው። እናም የፈሪ ዘዴ ዘየድኩ፤ ሐኪሙ ይንገሩልኝ አልኩ። ዓይናቸውን ሲያዩላቸው የነበሩት ሐኪም ምርመራውን ሁሉ ጨርሰው ቁርጡን የሚናገሩበት ቀን ተቀጥሮ ነበር። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት የባጃጁ ድምፅ ከግቢው ሲወጣ እሰማለሁ፤ ትምህርት ቤት ደርሳለች ብዬ እስካስብ ድረስ ሻይዬ አይወርድልኝም።

አውቶቡስ ውስጥ ከአባቴ ጎን መቀመጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከፊት መኪና የቀረበ ሲመስላቸው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ ሹፌሩ ፍሬን ሳይዝ እሳቸው ይዘዋል። «ይኼ ልጅ ማርሽ ማን አስተማረው?» ይላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል እንጂ ሦስት ወንበር ያለፈ ሰው ይሰማቸዋል። ዝዋይ ሳንደርስ የሰውዬውን መንጃ ፈቃድ በሐሳባቸው ይነጥቁታል። ሞጆ ላይ ይቅርታ ያደርጉለታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ በረጅሙ ባቡር ሄደናል። ገና እንደተቀመጥን አንገታቸውን አስግገው «ሹፌሩ የት ነው ያለው?» አሉ።

«ፊት ነው፣ አባባ። ከዚህ አይታይም።»

«ታዲያ ምኑን አምኜ ነው እጄን አጣጥፌ የምቀመጠው?»

አዋሽ እስክንደርስ እግራቸው የሌለ ፍሬን ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ እናቴ የቋጠረችልንን ዳቦ ፈተው ከፊት ለፊታችን የተቀመጡትን ባልና ሚስት «እንብላ» አሉ። አብረው በሉ፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩ። ሰዎቹ ዘመዶቻቸው የሆኑ ያህል ተቀላለዱ፤ በመጨረሻ አባቴን መስኮቱን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ፣ «ሳይነዱ መሄድ ደስ ይላል ለካ» አሉ። እኔም ቀዳዳ ያገኘሁ መስሎኝ፣ «ታዲያ ሀዋሳስ ቢሆን...» ስል፣ «ሀዋሳ ሌላ ነው» ብለው ዘጉት።

የከተማው ባቡር ግን እንደ ድሬዳዋው እግር የሚያስዘረጋ አይደለም። ቃሊቲ ላይ ሲነሣ ሰው ወንበር መርጦ ይቀመጣል፤ ሳሪስ ላይ ይሞላል፤ ጎተራ ሲደርስ የትኛው ክርን የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። እኔ ይኼን ግፊያ እወደዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ቲማቲም በፌስታል ይዛ ገብታ፣ «እባካችሁ እንዳትጨፈልቁብኝ» ስትል የዚያ ሁሉ ሰው ጭንቀት የሷ ቲማቲም ሆኖ ነበር። ፌስታሉ ከእጅ ወደ እጅ በራስ ላይ ዞሮ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ጭን ላይ አረፈ፤ ጎረምሳው እስኪወርድ ድረስ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

አባቴ መጀመሪያ የተሳፈሩ ቀን ወጣቶቹ ሁሉ ተነሡላቸው። «አባት፣ ይቀመጡ!» ከዚህም ከዚያም። እሳቸው ግን፣ «ተቀመጡ ልጆቼ፣ እኔ ቀርቤያለሁ» ብለው በሩ አጠገብ ብረቱን ይዘው ቆሙ። መድረሻችን ገና ሩቅ ነበር። የሐኪሙ ሰፈር ልደታ ስንቃረብም ታክሲ ውስጥ እንደሚባለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወራጅ አለ!» አሉ። ባቡር በጣቢያው እንጂ በተሳፋሪ ጥያቄ አይቆምም፤ ግን ጣቢያው ደርሶ ነበርና ቆመ። አባቴ ዞር ብለው፣ «አየሽ፣ ሰማ» አሉኝ። ፉርጎው በሳቅ አውካካ። ቁም ነገሩ በኋላ ሲገባቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ስለሳቀላቸው ልማድ አደረጉት። በተሳፈርን ቁጥር ሳይሏት አይወርዱም።

የቁርጡ ቀን እንዲሁ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ስታዲየም ላይ የገባው ሕዝብ እኔን ወደ መሐል ገፍቶ ወሰደኝ፤ ከአባቴ የሚታየኝ ኮፍያቸው ብቻ ነው። ባቡሩ ለገሃር ላይ ሲቆም ብዙ ሰው ለመውረድ ተንቀሳቀሰ። አባቴ የደረስን መሰላቸው። ዞር ብለው ቢጠይቁ አሥር ሰው ይነግራቸው ነበር፤ ግን መጠየቅ እንዳላዩ ማመን ሆነባቸው። «ወራጅ አለ!» አሉ። ሕዝቡም እየሳቀ፣ «ለአባት መንገድ ስጡ! አባት ይለፉ!» እያለ ከፍሎ አሳለፋቸው። አንድ ሰው ክንዳቸውን ደግፎ በክብር አወረዳቸው።

«አባባ! እዚህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። በሩ ተዘጋ።

ባቡር እንደ ባጃጅ የሹፌሩን ትከሻ መታ አድርገው «ኧረ አቁም» አይሉት። በመስታወቱ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ባቡሩ አዙረው፣ ከመስኮት መስኮት እየፈለጉኝ፣ እኔ በሌለሁበት በኩል ቆመዋል። እጄን ባወናጭፍም አላዩኝም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ልጄ የታመመችብኝ ጊዜ ካልሆነ በቀር አላውቀውም።

ሜክሲኮ ላይ ወርጄ ደወልኩ።

«አባባ! የት ነዎት?»

«እኔማ ደርሻለሁ» አሉ ኮስተር ብለው። «የጠፋሽው አንቺ ነሽ። ይኼን ሁሉ ተመላልሰሽ መንገዱ እንዴት ይጠፋሻል?»

ለቅጽበት ልስቅ ሁሉ ቃጣኝ። «እሺ አባባ። እስቲ ጣቢያው ላይ የተጻፈውን ስም ያንብቡልኝ።»

«ፀሐይ መታው፣ አልነበብ አለ» አሉ።

ሰማዩ ድምን ብሎ ነበር። ፀሐይ የሚባል ነገር አልወጣም።

«ካሉበት እንዳይነቃነቁ፣ መጣሁ» ብዬ በሚመለሰው ባቡር ገባሁ። ለገሃር ስደርስ አንድ ደግ ሰው አስቀምጧቸው አገኘኋቸው። የጣቢያው ስም ከራሳቸው በላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። እንደማያውቋት ተሳፋሪ ቆጥረውኝ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገድ ለቀቁልኝ። «አባባ» ስላቸው ነው ፊታቸው የበራው።

«እንሂድ፣ ሐኪሙ ይጠብቁናል።»

«ተቀመጪ» አሉ። «እሱ የሚነግርሽን እኔ ልንገርሽ።»

ተቀመጥኩ። አንድ ባቡር መጥቶ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ልጅሽን ትምህርት ቤት ስወስዳት መንገዱን የማየው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እሷ ናት። ጎኔ ትቀመጥና ‹አባባ፣ በግ!› ትለኛለች። ‹አባባ፣ ሰውዬ በቀኝ!› ትለኛለች። ‹ጉድጓድ!› ስትል ቀስ እላለሁ። ጨዋታ ነው፣ ቀድሞ ያየ ያሸንፋል ብያታለሁ። ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መስከረም ላይ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ነው። ያለሷ ግን አንድ ሜትር አልነዳሁም። እሷን ካደረስኩ በኋላ ባጃጁን እዚያው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አቁሜ አጥር አጥሩን ይዤ በእግሬ እመጣለሁ። ስትለቀቅ በእግሬ እሄድና አብረን እንመለሳለን።»

እኔ ክፍል ውስጥ ስውል እሳቸው ሰው ሲያመላልሱ የሚውሉ መስሎኝ ነበር። ተናደድኩባቸው፤ እዚያው ጣቢያ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጮህባቸው አሰኘኝ። ልጄ ናት! አንድ ፍሬ ልጅ! ከዚያ እጃቸውን አየሁ። ጉልበታቸውን እንደ መሪ ጨብጦታል። ስንት ዘመን ስንቱን ሕዝብ በደኅና ያደረሰ እጅ ነው። አዘንኩላቸው፤ ንዴቴ ግን አልለቀቀኝም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትከለክዪኝ ነበራ።»

«አዎ።»

«ጠዋት ከሷ ጋር የማገኛትን ያቺን ጊዜ ታዲያ ማን ይሰጠኛል?» አሉ። ድምፃቸው ሻከረ። «ዛሬ ግን በሩ ሲዘጋ ጩኸትሽን ሰማሁ። እዚያው ከፊቴ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ግን አላየሁሽም። ያ ሁሉ መስኮት አንድ ነጭ ነገር ነው የሆነብኝ። ያን ጊዜ፣ ይቺስ ልጅ አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥላት፣ አኩርፋ ዝም ብትለኝስ ብዬ አሰብኩ። በቃኝ። ከእንግዲህ አልነዳም።»

እጃቸውን ያዝኩ። ከልጅነቴ ወዲህ የአባቴን እጅ ይዤ አላውቅም፤ ሰላም ብያቸው፣ ጉልበታቸውን ስሜ አውቃለሁ እንጂ እጃቸውን እንዲህ ይዤ አልተቀመጥኩም። እሳቸውም አልነጠቁኝም። የሚቀጥለው ባቡር ሲመጣ ክንዴን ይዘው ተነሡ።

ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ ሰውየው ገና ወንበር ሳይስቡ አባቴ፣ «መንዳት ትቻለሁ፣ ሌላውን ንገረኝ» አሏቸው። ሌላው ብዙ አልነበረም። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የዓይን ጠብታቸውን ካላቋረጡ ግን የቀረውን ያቆዩታል። አባቴ አመሰገኗቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይነገርልኝ ብዬ የለመንኩት ነገር ሐኪሙ ሳይናገሩት አለቀ፤ እፎይታውን ግን እንዳሰብኩት አላገኘሁትም።

ሀዋሳ እንደገባን አባቴ የባጃጁን ቁልፍ ለባለቤቴ ሰጡና ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡ። ለልጄ ሊነግሯት የፈለጉት እሳቸው ነበሩ፤ ግን ኮፍያቸውን ብቻ ሲያገላብጡ እኔ ገባሁበት።

«አባባ ከእንግዲህ ባጃጅ አይነዱም፤ ዓይናቸውን አሟቸዋል። አንቺን አባትሽ ያደርስሻል» አልኳት።

ማልቀስ ጀመረች። የባጃጅ ፍቅር መስሎኝ፣ «እኮ በባጃጅ ነው የሚያደርስሽ፣ ያው ነው» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ሰሌዳ ላይ ትክክል ሠርታ ተሳስተሻል ያልኳት ተማሪ እንደምታየኝ አየችኝና እምባዋን በክንዷ ጠረገች።

«እኔ ከሌለሁ ታዲያ ማን ያይለታል?» አለች።

አባቴ ድምፅዋ ወደ መጣበት ዞሩ። ጨዋታ አለመሆኑን ልጅቷ ታውቅ ኖሯል።